ለማያውቁት ሰው የተቆረሰ እንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የነገሥታትን፣ የሊቃነ ጳጳሳትንና የታላላቅ ገዳማውያንን ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ስላልተጻፈ፣ መታሰቢያቸውም በስንክሳር ስላልተመዘገበ ጥቂት ምእመናን እንነጋገራለን። እነዚህ ምእመናን ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ምሽት ለማያውቋቸው እስረኞች እራት ወሰዱ። ከዚያች እራት የበቀለው ፍሬ ግን ከግብፅ በረሃ አልፎ እስከ ሀገራችን ገዳማት ደርሷል። ባልንጀራን ያለ ዋጋ ማገልገል የእምነታችን ጌጥ ሳይሆን የእምነታችን መገለጫ መሆኑን ከዚህ ታሪክ በተሻለ የሚያስረዳን ጥቂት ነው።

አንድ ምሽት በቴብስ

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 312 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሮም መንግሥት ገዢዎች እርስ በርሳቸው ለጦርነት ይዘጋጁ ስለ ነበር በላይኛው ግብፅ ወጣቶች እየታፈሱ በግድ ለውትድርና ይወሰዱ ነበር። ከታፈሱትም መካከል በእስና አውራጃ ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ፣ 20 ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ወጣት ነበረ። ስሙ ጳኩሚስ ይባላል።

ምልምሎቹ በመርከብ ተጭነው በዓባይ ወንዝ ቁልቁል ተወሰዱ። ዛሬ ሉክሶር ከምትባለው ከጥንቷ የቴብስ ከተማ በደረሱ ጊዜም እንዳያመልጡ በወኅኒ ቤት ተቆለፈባቸው። ወንጀል አልሠሩም፤ ፍርድም አልተፈረደባቸውም። ነገር ግን ከቤተሰባቸው ተነጥቀው፣ ወዴት እንደሚሄዱና ይመለሱ እንደ ሆነ ሳያውቁ በኀዘን ተውጠው ተቀምጠው ነበር።

በመሸም ጊዜ ከከተማይቱ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ እንጀራና ልዩ ልዩ ምግብ ይዘው ወደ ወኅኒው መጡ። እስረኞቹ ከኀዘናቸው ብዛት ምግብ አላሰኛቸውም ነበርና እንዲበሉ አጥብቀው ግድ አሏቸው። የመጡት ሰዎች የእስረኞቹ ዘመዶች አልነበሩም፤ የመንደራቸውም ሰዎች አልነበሩም። ነገ መርከቡ ሲነሣ እነዚህ ወጣቶች ይሄዳሉ፤ ዳግመኛም አይተያዩም። የተሰጠው እራት ብድር የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም።

ጳኩሚስ ይህን አይቶ ተደነቀ። እነዚህ ሰዎች ሳያውቁን ይህን ያህል ቸርነት የሚያደርጉልን ለምንድን ነው ብሎም ጠየቀ። ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ፣ ይህንንም ስለ ሰማይ አምላክ ብለው እንደሚያደርጉት ነገሩት። ክርስቲያን ማለት ምን እንደ ሆነም በጠየቀ ጊዜ የእግዚአብሔርን አንድያ ልጅ የክርስቶስን ስም የተሸከሙ፣ ለሰው ሁሉ በጎ የሚያደርጉ ሰዎች መሆናቸውን ሰማ። ያን ጊዜ ከጓደኞቹ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ጸለየ፤ ስሙን ገና በዚያች ሰዓት ለሰማው አምላክም ስእለት ተሳለ። ስእለቱም ከዚህ መከራ ቢያወጣው ዕድሜውን ሁሉ እግዚአብሔርን እያገለገለ፣ ሰውን ሁሉ እየወደደና እየረዳ ለመኖር ነበር።

አስተውሉ፤ ለዚህ ወጣት የተሰበከለት የመጀመሪያው ስብከት እንጀራ ነበር። ቃሉ የመጣው እርሱ ከጠየቀ በኋላ ነው፤ እንዲጠይቅ ያደረገው ግን ያየው ፍቅር ነው።

እራቱን ያመጡት እነማን ነበሩ?

የዚያችን ምሽት ክብደት ለመረዳት ጊዜው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ሰማዕታት ብላ የምትጠራው የመከራ ዘመን ገና አላለቀም ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ በ303 የጀመረው ስደት በግብፅ እጅግ የከፋ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በዚያው በቴብስ አውራጃ ተገኝቶ ብዙ ክርስቲያኖች በአንድ ቀን ሲገደሉ፣ የገዳዮቹም መሣሪያ እስኪዶለዱም ድረስ ሲሰይፏቸው በዓይኑ እንዳየ መስክሯል። በ311 ስደቱን የሚያቆም ዐዋጅ ቢወጣም ብዙም አልቆየም፤ ምሥራቁን ክፍል ይገዛ የነበረው መክሲሚኖስ ዳያ በወራት ውስጥ ስደቱን እንደገና ቀሰቀሰው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ተፍጻሜተ ሰማዕት ቅዱስ ጴጥሮስ አንገቱን የተሰየፈው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነበር።

እንግዲህ ጳኩሚስ የታፈሰው ለማን ጦር እንደ ነበር ተመልከቱ። ገድሉ ንጉሡን ቆስጠንጢኖስ ብሎ ቢጠራውም፣ በዚያ ጊዜ ግብፅን ይገዛ የነበረው መክሲሚኖስ ዳያ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በቴብስ የነበሩት ምእመናን እንጀራ የወሰዱት ወንድሞቻቸውን ሲያስገድል ለነበረው ንጉሥ ሠራዊት ለሚሰለፉ ምልምሎች ነው። እነዚያ ወጣቶች ነገ የጦር መሣሪያ ሲይዙ በማን ላይ እንደሚያነሡት ማንም አያውቅም ነበር። ከእስረኞቹም መካከል እንደ ጳኩሚስ ያለ አረማዊ ነበረ። ምእመናኑ ግን ከመቁረሳቸው በፊት ሃይማኖታቸውን አልመረመሩም፤ ለማን እንደሚዋጉም አልጠየቁም። የተራበና ያዘነ ሰው መኖሩን ሰሙ፤ ሄዱ።

ጌታችን በወንጌል ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የነገረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ በሥራ ሲገለጥ ይህን ይመስላል (ሉቃ. 10፥25-37)። ሕግ ዐዋቂው የጠየቀው ለማን መልካም ማድረግ እንዳለበት ነበር። ጌታ ግን በምሳሌው መጨረሻ ጥያቄውን ገልብጦ፣ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀው። ባልንጀራ ተመርጦ የሚገኝ ሳይሆን እኛው ቀርበን የምንሆነው መሆኑን አስተማረ። ሳምራዊው በመንገድ የወደቀውን ሰው ወገኑን አልጠየቀም፤ የቴብስ ምእመናንም አልጠየቁም።

ይህ ልማድ በድንገት የተገኘ አልነበረም። ከዚያ 50 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በእስክንድርያ ታላቅ ቸነፈር ተነሥቶ ነበር። የዘመኑ ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በጻፈው መልእክት የሆነውን መዝግቦልናል። ሕመሙን የፈሩ ብዙ አረማውያን ገና ነፍሳቸው ያልወጣ ዘመዶቻቸውን ሳይቀር ወደ ጎዳና ይጥሉ በነበረበት ጊዜ፣ ካህናት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ግን ሕሙማንን እየጎበኙ፣ እያጠቡ፣ የሞቱትንም በክብር እየገነዙ ይቀብሩ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎች በሽታው ተላልፎባቸው ሞቱ። ዲዮናስዮስም እንዲህ ያለው ሞት ከሰማዕትነት የሚያንስ እንዳልሆነ ጽፏል። በዚያው ቸነፈር ጊዜ በሰሜን አፍሪካ በቅርጣግና የነበረው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ የራስን ወገን ብቻ መርዳት አሕዛብም የሚያደርጉት መሆኑን አስረድቶ አሳዳጆቻቸው ለነበሩትም እንዲደርሱላቸው አስተምሯቸዋል። የቴብስ ምእመናን ከእንዲህ ዓይነት አባቶችና እናቶች የተወለዱ ነበሩ።

ስእለቱን የፈጸመው ወጣት

በ313 መክሲሚኖስ ድል ስለ ተነሣ ምልምሎቹ ወደ ውጊያ ሳይገቡ ተለቀቁ። ብዙ ሰው በመከራ ጊዜ የተሳለውን ስእለት በደስታ ጊዜ ይረሳል፤ ጳኩሚስ ግን አልረሳም። ወደ ወላጆቹ ቤት ከመመለስ ይልቅ ሼኔሴት ወደምትባል መንደር ሄዶ የክርስትናን ትምህርት ተማረ፤ በዚያም ተጠመቀ።

ከጥምቀቱ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? በመንደሪቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው በታመመ ጊዜ በአቅራቢያው ካለው የግራር ጫካ እንጨት እየለቀመ ተሸክሞ ያመጣላቸው፣ ያገለግላቸውም ነበር። ስብከት ገና አልጀመረም፤ ገዳምም ገና አልመሠረተም። ታማሚ የሚሞቅበትና የሚበስልበት እንጨት ያስፈልገዋልና እንጨት ተሸከመ። ስእለቱን መፈጸም የጀመረው በትከሻው ነው።

ከዚያም አባ ጵላሞን ከሚባሉ ታላቅ መናኝ ዘንድ ሄዶ ለዓመታት በጾምና በጸሎት በትጋት ተማረ። ቆይቶም ጠብኔሲ በምትባል ባዶ በሆነች መንደር ሳለ በዚያ ተቀምጦ ገዳም እንዲሠራ ድምፅ መጣለት። በሌላ ጊዜም የእግዚአብሔር ፈቃድ የሰውን ልጅ እንዲያገለግልና ከፈጣሪው ጋር እንዲያስታርቅ መሆኑን መልአክ ሦስት ጊዜ እንደ ነገረው በገድሉ ተጽፏል። ይህም በወኅኒው የተሳለው ስእለት ከሰማይ ተመልሶ ሲነገረው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ አባ ጳኩሚስ ማዕዱን የሚያዘጋጀው፣ አትክልቱን ተክሎ ውኃ የሚያጠጣው፣ በር የሚያንኳኳውን እንግዳ የሚቀበለው፣ የታመመውንም ቀንና ሌሊት የሚያስታምመው እርሱ ራሱ ነበር። እነርሱ ገና ጀማሪዎች ስለ ሆኑ በጸሎትና በንባብ እንዲጸኑ እየነገራቸው ሸክሙን ሁሉ በራሱ ላይ አኖረ። መምህሩ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ምሽት ያስተማረውን (ዮሐ. 13፥1-15) አባ ጳኩሚስ የዕለት ኑሮው አደረገው።

የተናቀው አገልጋይ

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም፤ ይህንንም ክፍል ልንሸሽገው አይገባም። ከቀደሙት ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ ከአካባቢው መንደሮች ወደ እርሱ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። አባ ጳኩሚስ እነርሱንም በትሕትና አገለገላቸው። ለምግባቸው ያስብ ነበር፤ በመከር ጊዜም ድካማቸውን ይካፈል ነበር። እነርሱ ግን ትሕትናውን አይተው ንስሐ በመግባት ፈንታ ናቁት። እንደ ባሪያቸው ቈጥረው ያዝዙትና ይሳለቁበት ጀመር። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አይደለም፤ ወደ አምስት ዓመት ገደማ ታገሣቸው። በመጨረሻም ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት አድሮ የማኅበር ሥርዓት ሠራላቸው፤ ሥርዓቱን አንቀበልም ባሉም ጊዜ አሰናበታቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ያለ ዋጋ የሚያገለግል ሰው ሁልጊዜ ምስጋና ያገኛል ተብሎ የተጻፈ ነገር እንደሌለ ነው። ጌታችን ከፈወሳቸው ዐሥር ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር (ሉቃ. 17፥11-19)፤ ያውም ሳምራዊ። ምስጋና ፈልጎ የሚያገለግል ሰው በመጀመሪያው ንቀት ያቆማል፤ ስለ እግዚአብሔር ብሎ የሚያገለግል ግን ከዘጠኙ በኋላም ዐሥረኛውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ደግሞ፣ አገልግሎት ሥርዓት እንደሚያስፈልገው ነው። አባ ጳኩሚስ ከዚያ መራራ ልምድ በኋላ አገልግሎቱን አልተወም፤ ይልቁንም አንድ ሰው ብቻ የሚሸከመው ሳይሆን ሁሉም በየተራው የሚሸከመው እንዲሆን አደረገ። በገዳማቱ መነኰሳቱ በየሙያቸው በየቤቱ ተከፈሉ፤ አገልግሎቱም በየሳምንቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ለሕሙማን የተለየ ስፍራና አስታማሚ ተመደበ። በበሩም እንግዳ ተቀባይ ተሾመ፤ ምእመናንና ሴቶች መጥተው ቢመሽባቸው እንዳይመለሱ፣ ለእነርሱ በተለየው ስፍራ በክብር እንዲስተናገዱ በሥርዓቱ ታዘዘ።

አባ ጳኩሚስ ባረፈበት በ346 ዘጠኝ የወንዶችና ሁለት የሴቶች ገዳማት ነበሩ። ከሴቶቹ የመጀመሪያውን የመራችው እኅቱ ማርያም ናት። ያረፈውም በገዳማቱ በገባ ቸነፈር ነው። በታመመ ጊዜ አካሉ ስለ መነመነ ልብሱ ከብዶት ነበርና ደቀ መዝሙሩ ቴዎድሮስ ቀለል ያለ መልካም ልብስ ቢያመጣለት፣ ሌሎቹ ታማሚ ወንድሞች ያላገኙትን እርሱ ለብቻው ሊለብስ እንደማይገባው ተናግሮ መለሰው። በወኅኒ ቤት ሳለ ከሌሎች ጋር እኩል የተመገበ ወጣት፣ በሞቱም ጊዜ ከወንድሞቹ የተለየ ልብስ አልወደደም። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 14 ቀን መታሰቢያውን ታከብራለች።

የጠላት ምስክርነት

የባልንጀራ ፍቅር በገዳማት ቅጥር ብቻ አልተወሰነም። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በወጣትነቱ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ተጉዞ የመነኰሳቱን ሕይወት አየ። ከተመለሰ በኋላ ስለ ምንኩስና ባስተማረው ትምህርት የማኅበር ኑሮ ከብቸኝነት ኑሮ የሚሻልበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አንሥቶ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የማንን እግር ሊያጥብ እንደሚችል ይጠይቃል።

ይህ ትምህርት በ369 ገደማ ተፈተነ። በቀጰዶቅያ ድርቅ ሆኖ ጽኑ ረኃብ ገባ። ባለጠጎችና ነጋዴዎች እህሉ እስኪወደድ ድረስ በየጎተራቸው ቆለፉበት። ባስልዮስ፣ ገና ቄስ ሳለ፣ ጎተራውን በስብከቱ አስከፈተ። ከዚያም የተራቡትን ወንድና ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ በአንድነት ሰብስቦ የእህል ወጥ በትልልቅ ድስት አስቀቀለላቸው፤ ወገቡንም በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግራቸውን አጠበ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ሁሉ በቀብር መታሰቢያ ንግግሩ መስክሮለታል። ባስልዮስ በ370 ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ የእንግዶች ማረፊያ፣ የሕሙማን መታከሚያ፣ የሐኪሞችና የአስታማሚዎች መኖሪያ፣ የሙያ መሥሪያ ቤትም ያለበት ታላቅ ሰፈር አቋቋመ። ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ባስልዮስ ቀርቦ ይስማቸው ነበር።

ከዚህም ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የክርስቲያኖች ፍቅር ከማይጠበቅ ሰው ምስክርነት አግኝቶ ነበር። ክርስትናን ክዶ አምልኮ ጣዖትን ሊመልስ የደከመው ንጉሥ ዑልያኖስ በ362 ለገላትያ የጣዖት ካህናት አለቃ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በደብዳቤውም ገሊላውያን እያለ የሚንቃቸው ክርስቲያኖች ለእንግዶች በሚያደርጉት ቸርነትና ሙታንን በመቅበራቸው እምነታቸውን እንዳስፋፉ ያማርራል። የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ድሆች ይመግባሉ፣ እኛ ግን ለወገኖቻችን አንደርስም ብሎ ማፈሩን ይገልጻል። በየከተማውም የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዝዞ በየዓመቱ 30,000 መስፈሪያ ስንዴ መደበ።

ዑልያኖስ ስንዴውን መመደብ ችሏል፤ የቴብስን ምሽት ግን ማዘዝ አልቻለም። ያፈረበት ነገር ከግምጃ ቤት የሚወጣ አልነበረምና። እነዚያ ምእመናን ግምጃ ቤት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የየቤታቸው እንጀራ ነው።

የእንጀራው መንገድ ወደ ሀገራችን

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ መነኰሳት የምንኩስናቸውን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥሩ ከአባ እንጦንስ ወደ አባ መቃርስ፣ ከአባ መቃርስ ወደ አባ ጳኩሚስ፣ ከአባ ጳኩሚስም ወደ አቡነ አረጋዊ ያወርዱታል። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ሥርዓተ ምንኩስናን ከአባ ጳኩሚስ ገዳም እንደ ተቀበሉ ገድላቸው ይተርካል። ደብረ ዳሞን በማኅበር ሥርዓት መሠረቱ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደዚያው ገዳም መጥተዋል። የአባ ጳኩሚስ ሥርዓትም ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል።

ስለዚህ በአንድነት ገዳሞቻችን መነኰሳቱ የግል ሀብት ሳይኖራቸው ከአንድ ማዕድ ሲመገቡ፣ መጋቢው ለሁሉ እኩል ሲያካፍል፣ እንግዳ ሲመጣ ከወዴት ነህ ከመባሉ በፊት ውኃና ማረፊያ ሲቀርብለት ስታዩ፣ የዚያች ምሽት እራት ገና እየተቆረሰ መሆኑን ዕወቁ። ሊመነኩስ የመጣ ሰው አስቀድሞ ረድእ ሆኖ ለዓመታት ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ እህል የሚፈጨው፣ አረጋውያንን የሚጦረው ያለ ምክንያት አይደለም። አባ ጳኩሚስም ወደ ቅስናና ወደ ክብር ሳይሆን ወደ ግራሩ ጫካ ነበር የሄደው።

ይህ በገዳም ብቻ የቀረ አይደለም። ምእመናኑም በቅዱሳን ስም ዝክር ሲያዘክሩ፣ በየወሩ ማኅበር ሲጠጡ፣ በገድላቱ የተጻፈውን ቃል ኪዳን ያስባሉ። በቅዱሳኑ ስም የተራበ ላበላ፣ የታረዘ ላለበሰ፣ ቀዝቃዛ ውኃም እንኳ ላጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋ ይታመናል፤ መሠረቱም የጌታ ቃል ነው (ማቴ. 10፥42)። ዝክር የነዳያን ማዕድ ነው።

እኛስ?

ውድ አንባብያን፣ ታሪክ የምናነበው ልናደንቅ ብቻ ሳይሆን ልንጠየቅበት ነው። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ።

ዝክራችን ዛሬ የማን ማዕድ ነው? የጠራናቸው ሁሉ ተራቸው ሲደርስ መልሰው የሚጠሩን ዘመዶችና ጎረቤቶች ከሆኑ፣ ጌታ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ ያዘዘው የት ቀረ (ሉቃ. 14፥12-14)? በደጁ የቆመው ነዳይ ግብዣው ካለቀ በኋላ የተራረፈው የሚወጣለት ከሆነ፣ ዝክሩ የቅዱሱ መሆኑ ቀርቶ የእኛ ሆኗል።

የምንረዳውን ሰው አስቀድመን ምን እንጠይቀዋለን? ከቀዬው የተፈናቀለ፣ በሆስፒታል ኮሪደር አስታማሚ አጥቶ የተኛ፣ በስደት ሀገር በአሠሪ ቤት ተዘግቶባት የምታለቅስ እኅት፣ እነዚህ የዘመናችን የቴብስ ወኅኒ እስረኞች ናቸው። ቋንቋውን ሰምተን፣ የትውልድ ቀዬውን ጠይቀን፣ ከወገናችን መሆኑን አረጋግጠን ብቻ የምንቆርስ ከሆነ፣ ቅዱስ ቆጵርያኖስ እንዳስተማረው አሕዛብ ከሚያደርጉት አልበለጥንም። የቴብስ ምእመናን ለአሳዳጃቸው ምልምሎች ቆርሰዋል። እኛ ለጎረቤታችን መቁረስ ከከበደን ችግሩ ከእንጀራው ማነስ አይደለም።

ስንሰጥስ ማን እንዲያየን ነው? በእጃችን ዳቦ፣ በሌላው እጃችን ስልክ ይዘን፣ የተቀባዩን ፊት ለሺህ ሰው ስናሳይ፣ ቀኝ የሚያደርገውን ግራ እንዳያውቅ የታዘዘውን ትእዛዝ (ማቴ. 6፥3) ጥለነዋል። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ መግለጽ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የተቸገረ ሰው ፊት ግን የእኛ ማስታወቂያ አይደለም። የቴብስ ምእመናን ስም አልተጻፈም። ያቆረሱለት ወጣት እንኳ ስማቸውን አላወቀም። የክርስቶስን ስም ግን ዐወቀ፤ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት ለምናገለግል ደግሞ የአባ ጳኩሚስ ሥርዓት ትልቅ ምክር ነው። በብዙ ክፍሎች ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይደክማል፤ ሌላው ያመሰግናል ወይም ይተቻል። ሕሙማንን መጠየቅ፣ አረጋውያንን መጎብኘት፣ የነዳያንን ማዕድ ማዘጋጀት በየተራ የሚዞር የሁሉም ሥራ ይሁን። ተራ ያለው አገልግሎት አይቋረጥም፤ ማንንም አያሰለችም፤ ማንንም ደግሞ የሌላው አገልጋይ ብቻ አድርጎ አያስንቅም። ትንሽ ይሁን፣ ግን ሳምንቱ ሲደርስ አይቅር።

በመጨረሻም ይህን አስቡ። እነዚያ ምእመናን ባዶ እንቅባቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲመለሱ ምን እንደ ሠሩ አላወቁም። ምልምሎቹ በማግሥቱ ሄዱ፤ የአንዱንም መጨረሻ አልሰሙም። ከመካከላቸው አንዱ በሺህ የሚቈጠሩ መነኰሳት አባት እንደሚሆን፣ ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በደብረ ዳሞ አምባ እንደሚነገር ሊገምቱ አይችሉም ነበር። ሌሎቹ ምልምሎች ደግሞ በልተው ሄደው ይሆናል፤ እራቱ ግን ለእነርሱም በከንቱ አልተቆረሰም። በመጨረሻው ቀን ጌታ ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ታስሬ ጠይቃችሁኛል ሲላቸው ጻድቃን መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ (ማቴ. 25፥31-46)። የሚጠይቁት ከትሕትና ብቻ አይመስለኝም፤ በእውነት ስላላወቁ ነው። ያዩት የተራበ ወታደር ነበርና።

እኛም የምንቆርሰው እንጀራ የት እንደሚደርስ አናውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅብንም። የሚጠበቅብን መሽቶ በሩ ሳይዘጋ መድረስ ነው። ልዑል እግዚአብሔር ከቅዱሱ አባታችን ከአባ ጳኩሚስ በረከት ያሳትፈን፤ ባልንጀራችንን ያለ ዋጋ የምናገለግልበትን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።